ባለ ሁለት ስርጉዷ ዳዶ

እናትየው ጋራዡ በር ላይ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ከተቀመጠች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጆቿን በላዩ አጣምራለች፤ ዓይኗን ግን ከመካኒኩ እጅ ላይ አልነቀለችም። እጁ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሲሄድ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል። እጁ ኪሱ ሲገባ አንገቷ ይረዝማል። መኪናው ሥር ሲገባ ደግሞ እሷም ከሳጥኑ ላይ ሸርተት ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ጉልበቷ ግን ይህን አይወድላትም።

«እትዬ» አለ ተራውን እየጠበቀ ግድግዳ ተደግፎ ሻይ የሚጠጣ ባለታክሲ፣ «ኦዲተር ነዎት እንዴ?»

«እናት ነኝ።»

«እሱማ ይብሳል» አለና ሻዩን ፉት አለ።

መካኒኩ አልሳቀም። ሰፈሩ ሁሉ «ጭጭ» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። መኪና አምጥተው ሲያስረዱት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲጨርስ ቁልፉን ያስረክባል፤ በመካከሉ ከአፉ የሚወጣው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። እናትየውን ያሳሰባትም ይኸው ዝምታው ነው። የሚለፈልፍ ሌባ ቢያንስ በወሬው መሀል ይያዛል። ዝም የሚል ሰው ግን ሆዱን ማን ገብቶ አይቶት?

መኪናዋ የልጇ ናት። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከተራራው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነገ ማለዳ ትነሳለች። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ጥምዝምዝ ነው፤ በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ገደል። መኪናዋ ደግሞ ከሦስት ሳምንት ወዲህ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ከፊት ጎማዋ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፤ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሕፃን። ያዩት ሁሉ «አክስሉ አልቋል» አሉ። አክስል ማለት ጉልበቱን ከካምቢዮው ተቀብሎ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው። እሱ ከከዳ መኪናዋ ጎማ አላት እንጂ እግር የላትም። እናትየው ያንን ቀጭ ቀጭ ድስት ስታጥብ ትሰማዋለች፣ ደብተሯ ላይ ፊደል ስትጽፍ ትሰማዋለች። የወለደቻት አንድ ናት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታላቅ ወንድሟ ይሠራው ነበር። «ጋሼ» ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት እሷን ያሳደገ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ እሱ ነው። እንጀራው የጭነት መኪና መንዳት ቢሆንም እጁ የማይፈታው የማይገጥመው የለም። አምና የዚሁ አክስል የጎማ ሽፋን ተቀዶ ቅባቱ በፈሰሰ ጊዜ፣ አውልቆ መልሶ የገጠመላት እሱ ነው። አሁን ግን ጭነት ይዞ ርቆ ሄዷል፤ የሚመለሰው ነገ ማታ ነው። ትናንት በስልክ ስትነግረው ቅር አለው።

«ማን ጋ ልትወስጃት ነው?»

«ጭጭ የሚሉት ጋ።»

«እሱ ጋ? አንቺ ልጅ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። እስክመጣ ብትቆዩስ?»

«ነገ መነሳት አለባት ጋሼ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ዕቃውን ራስሽ ግዢ። ሲሠራ ከአጠገቡ እንዳትነሺ። ሲጨርስ የወለቁትን አሮጌዎች አንድ በአንድ ተቀበይ። አዲሱን ኪሱ ከቶ አሮጌውን መልሶ የሚያስር መዓት ነው። አሮጌው እጅሽ ካልገባ አልተቀየረም ማለት ነው። ገባሽ?»

ገብቷታል። ዛሬ ጠዋት የመለዋወጫ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። በካርቶን የተጠቀለለውን አዲሱን አክስል ባለሱቁ ከመደርደሪያ አወረደላት፤ ከሱ ጋር አራት ጥቃቅን ነገሮች በየላስቲካቸው ደረደረላት፦ አንድ የሽቦ ቀለበት፣ አንድ የዘይት መያዣ ጎማ፣ አንድ የሽቦ ቁልፍ፣ አንድ ትልቅ ዳዶ። በየላስቲኩ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል። እናትየው የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው፤ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ ማለፍ አትችልም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች።

«አን…ዴ… ብቻ… ይታሰራል። ሲፈታ… ይጣላል።»

«ጎበዝ እናቴ» አለ ባለሱቁ። «አራቱም እንደ ክብሪት ናቸው። አንዴ ከተጫሩ አለቁ። በተለይ ዳዶዋን አደራ፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላ የሚመጣልኝ ማክሰኞ ነው። ለዚህ መኪና ደግሞ በከተማው ከእኔ በቀር የሚይዝ የለም።»

«ምንድን ነው የምትሠራው እሷ?»

«አክስሉን ከጎማው ጋር የምታስረው እሷ ናት። ከጠበቀች በኋላ ከንፈሯ በሹል ብረት ይመታና ዘንጉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። እንደ ጉንጭ ስርጉድ ማለት ነው። ያ ስርጉድ ነው እንዳትፈታ የሚይዛት። ሲፈቱት ግን ይጣመማል፤ ሁለተኛ አያስተማምንም።»

እናትየው በጋሼ ምክር ላይ የራሷን ጨመረችበት። ቤት ገብታ የልጇን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና የአዲሷን ዳዶ ጎን በቀጭኑ ቀባችው። እስኪደርቅ እፍ እፍ እያለች፣ «ይለውጣት እንግዲህ» አለች ለራሷ። «አያለሁ።»

መካኒኩ ሥራውን የጀመረው ከዳዶዋ ነበር። መኪናዋ ገና በክሪክ ሳትነሳ፣ ጎማዋ መሬት እንደረገጠ፣ የጎማውን መሀል ክዳን ፈልቅቆ አወጣ። የዳዶዋን ስርጉድ በቀጭን ብረት ቀና አደረገ። ከዚያ ረጅም የውሃ ቧንቧ አምጥቶ በመፍቻው እጀታ ላይ ሰካ፤ የአክስል ዳዶ በክንድ ብቻ አይፈታም፣ የሰው ክብደት ይፈልጋል። እግሩን ቧንቧው ላይ አድርጎ ሊጫነው ሲል ቧንቧው ያለ ምንም ትግል እጥፍ አለ። መካኒኩ ተንገዳግዶ የመኪናዋን አፍንጫ ያዘ።

«ቁርስ በልተሃል ማለት ነው» አለ ባለታክሲው።

መካኒኩ ቧንቧውን አነሳ፣ መፍቻውንም አነሳ። ዳዶዋን በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ አወጣት። ብርሃን ወዳለበት ወሰዳት፣ በአውራ ጣቱ ጠረጋት፣ ገለበጣት፣ ዓይኑን አስጠግቶ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ እናትየውን አያት።

«ባለፈው ማነው የሠራት?»

«ወንድሜ» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ። «እጁ የተባረከ ነው። ለኔ አባትም ወንድምም እሱ ነው። ምነው?»

መካኒኩ ሊናገር የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው። «እ» አለ። ዳዶዋንም ለአሮጌዎቹ ባነጠፈው ጨርቅ ላይ በማስቀመጥ ፋንታ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

እናትየው አየችው። ይኸው። ገና ከመጀመሩ አንዷ ኪስ ገባች። እዚያው ልትጮህበት ፈለገች፤ ግን ትዕግሥት አደረገች። ሌባ የሚያዘው እጁ ሲሞላ ነው፣ ይጨርስ፣ አለች በሆዷ፤ ቦርሳዋንም ጠበቅ አደረገች።

ሥራው ሥራ ነበር፤ እሱን መካድ አትችልም። መኪናዋን አነሳ፣ ጎማውን አወለቀ፣ የዘንጉን ጫፍ በእንጨት መዶሻ እያንኳኳ ከጎማው ማቀፊያ አስወጣው። ከካምቢዮው ሥር መጥበሻ መሳይ ዕቃ አስቀምጦ በጉልበት ሳይሆን በቀስታ፣ ትንሽ በትንሽ እየፈነቀለ አሮጌውን አክስል ሳበው፤ ጥቁር ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ። የዘይት መያዣውን ጎማ አውጥቶ አዲሱን በጠፍጣፋ እንጨት ዙሪያውን መታ መታ እያደረገ አስገባ። በአዲሱ አክስል ጫፍ ላይ አዲሱን የሽቦ ቀለበት ሰክቶ ዘንጉን ወደ ካምቢዮው ገፋው፤ ጠቅ አለ። መልሶ ሳበው፤ አልወጣም። አዲሱን የሽቦ ቁልፍም በቦታው አስገብቶ ሁለት እግሩን አጠፈው። እስከዚህ ድረስ እናትየው ሦስቱን አዲሶች ሲገቡ፣ ሦስቱን አሮጌዎች ጨርቁ ላይ ሲያርፉ በዓይኗ ቆጥራለች።

አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ነገሩ ተበላሸ። መካኒኩ ቀይ የተቀባችውን ዳዶ ይዞ ተነሣና ወደ ጥጉ መደርደሪያ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጣት። እጁ ምን እንደሚሠራ አይታይም፤ ክርኑ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከመደርደሪያው አጠገብ በቁርጥራጭ ብረት የተሞላ ግማሽ በርሜል ቆሟል። አንድ ነገር ኳ ሲል ሰማች። ቦታ ለመለወጥ ብትነሳም ባለታክሲው ከነሻዩ መሀል ገባባት።

«ዞር በልልኝ ልጄ።»

«ሻይ ላምጣልዎት እንዴ?»

«ዞር በል አልኩህ።»

መካኒኩ ተመልሶ መጣ። ጎማውን አስሮ መኪናዋን አወረደ፣ ቧንቧውን ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ዳዶዋን አጠበቀ፤ ከዚያም ልኩ ላይ ሲደርስ ድምፅ በሚሰጠው ቁልፍ ጨረሰው። ሹሉን ብረት ከንፈሯ ላይ አሳርፎ አንዴ መታ። ከዚያ ጨርቁን ጠቅልሎ ሰጣት። እናትየው እዚያው ፈታችው። ቀለበት፣ የዘይት ጎማ፣ የሽቦ ቁልፍ። ሦስት።

«ዳዶዋስ?»

«ጥያታለሁ።»

«የት?»

በአገጩ ወደ በርሜሉ ጠቆመ። በርሜሉ ውስጥ የመቶ መኪና ዝገት አለ፤ አንዱ ዳዶ ከሌላው በምን ይለያል?

«ኪስህ ከተሃት አልነበር? ምነው ከኪስህ ወዲያ ወዲህ ማለቷ?»

መካኒኩ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ።

እናትየው ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ በጉልበቷ ተንበረከከችና በጎማው መሀል አየች። የታሰረችው ዳዶ ንጹሕ ናት፣ ታብለጨልጫለች፤ ቀይ ግን የለባትም። በዚህ በኩል አየች፣ በዚያ በኩል አየች። የለባትም።

«ይቺ የኔ ዳዶ አይደለችም» አለች ስትነሳ። «የኔን ቀይ ቀብቻት ነበር። አሮጌዋን ወልውለህ ነው ያሰርካት።»

መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቀለም ነበር እንዴ እሱ? እኔ ቆሻሻ መስሎኝ በቤንዚን ጠረግኩት። ዳዶ ሳይጠረግ አይታሰርም።»

«ጥሩ ተናገርክ። ዛሬ ብዙ ተናገርክ። በል ፍታና ጀርባዋን አሳየኝ።»

«ከተፈታች ሞተች እትዬ። አንዴ ነው።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።»

«ሌላ አለዎት?»

«የለኝም።»

ልጅቷ የምደባ ወረቀቷን በፖስታ ይዛ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። የእናቷን ፊት ስታይ እርምጃዋን አፈጠነች። እናትየው ነገሩን ከኪሱ እስከ በርሜሉ ነገረቻት።

«እማ» አለች ልጅቷ ዝግ ብላ፣ «ሌላ ዳዶ ማክሰኞ ነው የሚመጣው ብለሽኛል። እኔ ነገ እዚያ መግባት አለብኝ። ሁለት ወር ሙሉ አዋላጅ የሌለበት ቦታ ነው።»

«ባላመንኩት ዳዶ ከምትሄጂ ማክሰኞ ሂጂ። ጭራሽ አትሂጂ። ይፍታው።»

መካኒኩ ልጅቷን አያት፣ እናትየውን አያት። ስሙ ተነክቷል፤ ለስሙ የሚሟገትበት ቃል ግን ዱሮም አልነበረውም። ቧንቧውን አነሳና ሰካ። ስርጉዷን ቀና አድርጎ ቧንቧውን በጫማው ረገጠው፤ አልነቃነቅ አለ። ደግሞ ተንጠልጥሎ ረገጠው። በሦስተኛው እንደ ውሻ አልቅሳ ተፈታች። አውጥቶ ገለበጣትና በመዳፉ ላይ አድርጎ ለእናትየው ዘረጋላት። ከጀርባዋ ጠርዝ፣ ጨርቁ ያልደረሰበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የቀይ ጥፍር ቀለም ክር የምታህል ቀርታለች። ከንፈሯ ላይ አንዲት ስርጉድ። አዲሷ ናት።

ባለታክሲው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት መሀል ወለሉ ላይ ቆማለች፤ በከተማው የቀረችው አንዲት ዳዶ በእሷ ትዕዛዝ ሞታለች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ እልኋ ግን ገና አልበረደም። «አዲሷ ናት። ታዲያ አሮጌዋን ለምን ደበቅካት? ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?»

«ይተዉት እትዬ።»

«አልተውም።»

ልጅቷ በመካከላቸው ገባች። «እባክዎ ይንገሩን» አለችው። «ይቺን መኪና የምነዳት እኔ ነኝ።»

መካኒኩ እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ በርሜሉ ውስጥ ሳይሆን ከበርሜሉ ጀርባ እጁን ሰደደና ምንም ሳይፈልግ አንዲት ዳዶ ይዞ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን በመዳፉ ላይ አደረጋቸው።

«ይቺ አዲሷ። አንድ ስርጉድ። ይቺ ደግሞ አሮጌዋ።» በጥፍሩ ጠቆመ። «አንድ እዚህ። ይሄኛው በመዶሻ ተደልድሎ የተስተካከለ ነው። ሌላ ደግሞ እዚህ። ሁለቴ ታስራለች። ሁለተኛው አልያዘም። ጠዋት በሁለት ጣቴ ነው የፈታኋት፤ አይተዋል። ወንድሜ፣ አባቴም እሱ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር?»

እናትየው ጠዋት ቧንቧው እጥፍ ሲል፣ ሰውየው ሲንገዳገድ በዓይኗ መጣ። ያኔ ታይቷት የነበረው ተንኮል ነው። አሁን የታያት የተራራው መንገድ ነው፤ በሁለት ጣት በምትፈታ ዳዶ ላይ የሚዞር ጎማ።

«ውሸት ነው» አለች፤ ቃሉ ግን ጉልበት አልነበረውም። «ጋሼ እንዲህ አያደርግም። አምና አዲስ ዳዶ ተገዝቷል። ከሱቅ ስትመጣ አይቻታለሁ፤ ላስቲክ ውስጥ ነበረች።»

«እንግዲያው የት ሄደች?» አለች ልጅቷ።

እናትየው ልትመልስ አፏን ከፈተችና እንደ መካኒኩ መልሳ ዘጋችው። አንድ ነገር ትዝ ብሏታል። ጋሼ አምና እጁን ታጥቦ ሲጨርስ፣ እየሳቀ አንዲት ላስቲክ መዳፏ ላይ አኑሮላታል። «አስቀምጫት። አሮጌዋ ገና ደህና ናት፤ መታ አድርጌ አስተካክዬ አስሬያታለሁ። አዲሷ ለክፉ ቀን ትሁን።» እሷም መርቃው፣ ተቀብላ፣ ከአዝራር ማስቀመጫ ጣሳዋ ውስጥ ከታታለች።

«መጣሁ» ብላ ወጣች።

ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ጣሳውን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርዳ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። የሸሚዝ አዝራር፣ የካፖርት አዝራር፣ ከዚያ ከሥር ከበድ ያለች ላስቲክ። ወረቀት ተለጥፎባታል። አምና ያ ጽሑፍ ለእሷ የጉንዳን መንገድ ነበር። የባለሱቁ እጅ ነው፣ የ«ሰ» እግር እንደ ዛሬ ጠዋቱ ተጣምሟል። ጣቷን ሳታስኬድ አነበበችው። አንዴ ብቻ ይታሰራል። ሲፈታ ይጣላል።

ዓመት ሙሉ ከራስጌዋ ተቀምጦ ሲነግራት ኖሯል።

ስትመለስ መካኒኩ በእሷ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነሣ። ላስቲኩን ሰጠችው። ቀዶ አወጣት፣ በብርሃን አያት፣ ከንፈሯን በጣቱ ዞረው። ምንም ስርጉድ የለባትም። በዚህ ጊዜ እዚያው ፊት ለፊቷ በቤንዚን ጠረጋት። ቧንቧው ጮኸ፣ ቁልፉ ጠቅ አለ፣ ሹሉ ብረት አንዴ ወረደ። እናትየው ላለማየት ወስና ነበር፤ ጎንበስ ማለቷ ግን አልቀረም።

«በድዬሃለሁ» አለችው።

«እናት ነዎት» አለና የመኪናዋን ቁልፍ ለልጅቷ ሰጣት። ሁለቱን የሞቱ ዳዶዎች ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናትየው። «አሮጌዎቹ።»

ልጅቷ መኪናዋን ግቢው ውስጥ መሪዋን እስከ ጥግ አዙራ አንድ ዙር ዞረች። እናትየው ጆሮዋን ወደ ጎማው አስጠግታ ተከተለች። ቀጭ ቀጩ የለም። የጎማው ኮረት መርገጥ ብቻ።

ጋሼ የደወለው ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

«እህ? አሮጌዎቹን ተቀበልሽ?»

«ተቀብያለሁ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«አየሽ? ባልነግርሽ ኖሮ ያ ጭጭ የሚሉት ጉድ ይሠራሽ ነበር። ሰው ማመን ቀረ እኮ።»

እናትየው ባለ ሁለት ስርጉዷን ዳዶ በእጇ ይዛታለች። ይህ ሰው ጫማ ሳይኖረው ለእሷ ጫማ የገዛ ሰው ነው። ምን ትበለው? እጇ ሳታውቀው ወደ ሽርጧ ኪስ ወረደ፤ ዳዶዋ ኪሱ ውስጥ ልትወድቅ ስትል እጇን አየችው። መካኒኩን ነው ያየችው። እጇን መልሳ አወጣችና ዳዶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ጋሼ፣ አምና አስቀምጫት ያልከኝ ዳዶ ትዝ ትልሃለች?»

«እንዴታ። አልጠፋችም አይደል?»

«ዛሬ ታሰረች።»

«ለክፉ ቀን አላልኩሽም?» ሳቀ፤ ደስ ብሎታል። «እኔ ዘንድማ ስንት አለ መሰለሽ። አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ። የሰው መኪና በሠራሁ ቁጥር፣ አሮጌው ደህና ከሆነ አዲሱን አኖረዋለሁ። በፈለጉ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ። ብረት ነው፣ ምን ይሆናል? የዛሬ ሰው መጣል ብቻ ነው የሚያውቀው።»

አንድ ጣሳ ሙሉ። እናትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። እያንዳንዷ አዲስ ዳዶ በጣሳው ውስጥ ካለች፣ እያንዳንዷ አሮጌ መንገድ ላይ ናት። ደብተሯን ከመስኮቱ ሥር አነሳች፣ ልጇ የቀረጸችላትን እርሳስ ያዘች።

«ጋሼ፣ የማን የማን መኪና እንደሆነ ንገረኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልጽፈው።»

«አንቺ?»

«ቀስ ብለህ ከተናገርክ እጽፈዋለሁ።» እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «አምና ያሰርካት ዳዶ ዛሬ በሁለት ጣት ነው የተፈታችው። ቆሜ አይቻለሁ ጋሼ። አክስሉ ባይጮህ ኖሮ ልጄ ነገ በእሷ ተራራ ትወርድ ነበር።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ድምፅ፣ የሩቅ ጥሩምባ፣ ከዚያ የሰውየው ትንፋሽ ተሰማ። ሲናገር ድምፁ የታላቅ ወንድሟ አልመስል አላት፤ አንሷል።

«የዳቦ ጋጋሪው» አለ።

«ቆይ። የ… ዳ… ቦ…» እርሳሷን ጫን አደረገች። «እሺ።»

«የፀጉር አስተካካዩ። ሰማያዊዋ።»

«እሺ።»

«የ… የአስተማሪዋ።»

«የየትኛዋ አስተማሪ?»

«ያንቺዋ። ማታ ማታ ፊደል የምታስተምርሽ።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ልጅቷ ሻንጣዋን ትታ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እናትየው ጎንበስ ብላ «አስተማሪዬ» ብላ ጻፈች፤ «ማ»ዋ ጠመመችባት፣ አላጠፋቻትም።

«ሌላስ፣ ጋሼ?»